በየትኛው ስምዎ ልመዝግብዎ?

ስሜ ትዕግሥት ይባላል። ስሙን ያወጣችልኝ እናቴ ናት፤ ያወጣችውም ገና ሳታውቀኝ ነው። ካወቀችኝ በኋላማ ከቤት በወጣሁ ቁጥር የምትሸኘኝ «አመልሽን በጉያሽ፣ ስንቅሽን በአህያሽ» እያለች ነው። ስንቁ ሞልቶልኝ ያውቃል። አመሉ ግን ጉያ ውስጥ አልገባ ብሎኝ ይኸው ሠላሳ ስድስት ዓመቴ። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ በከንቱ አይደለም። የምተርክላችሁ ነገር ረጋ ያለ ሰው ቢገጥመው ኖሮ በሌላ መንገድ ያልፍ ነበር ብዬ ስለማስብ ነው።

ከጎጃም ተመድቤ ሰቆጣ ከመጣሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ሥራዬ ሰው ለዲጂታል መታወቂያ መመዝገብ ነው። ሲነገር ቀላል ነው፦ ስም፣ የትውልድ ዘመን፣ ፎቶ፣ የዐሥር ጣት አሻራ። ሲሠራ ግን ላፕቶፑ ሲነሣ ካሜራው ይተኛል፤ ካሜራው ሲነሣ ባትሪው ያልቃል፤ ሁሉም ሲሟላ ሰዉ ገበያ ሄዷል። የተገኘውን ዕድሜውን ስትጠይቁት «ያ ክፉ ቀን ሲመጣ ጥርሴን እነቅል ነበር» ይላችኋል። የትኛው ክፉ ቀን? ዋግ ላይ የመጣው አንድ ብቻ ነው እንዴ? ማሽኑ ደግሞ ቁጥር ካልሰጡት ወደሚቀጥለው አያልፍም። ማሽላ እያረረ ይስቃል እንደሚባለው እኔም እየሳቅሁ እጽፍ ነበር።

ወደ ከተማ መምጣት የማይችሉ አቅመ ደካሞችን ቤታቸው ድረስ ሄዳችሁ መዝግቡ ተባልንና ለእኔ ጋዝጊብላ ደረሰኝ። አብሮኝ የመጣው የቀበሌው ሠራተኛ አቶ ኪሮስ ነው። የአገሩ ልጅ ነው፤ በአማርኛ ለእኔ፣ በኽምጣንጋ ለአህያዋም ለገበሬውም ይናገራል። መሣሪያውን በአህያ ጭነን በእግር ጀመርነው።

«ደርሰናል፣ ትዕግሥት እኅቴ። ይችን ዞር ስንል ነው» ይለኛል። ዞር አልን። አምስት ጊዜ ዞር አልን። ሦስት ሰዓት ሙሉ ዞር አልን።

በዝርዝሩ ላይ ስድስት ሰዎች ነበሩ። አምስቱን እስከ እኩለ ቀን ጨረስሁ። የቀሩት አባ ወልዴ የሚባሉ ሽማግሌ ብቻ ነበሩ።

«እሳቸው እንኳ የአገራችን ሰው አይደሉም» አለኝ አቶ ኪሮስ። «ከመጡ ሃያ ዓመት ሊሆናቸው ነው። ማመልከቻ የሚጽፉልን፣ የተጣላ የሚያስታርቁልን እሳቸው ናቸው። አሁን ዓይናቸው ሞራ ለብሶ ሊጠፋ ነው። ባሕር ዳር ሄደው እንዲታከሙ ተጽፎላቸው ነበር፤ ያለ መታወቂያ ኬላውን ማን ያሳልፋቸው?»

«እንዴት እዚህ ድረስ መጡ?»

«የእማማ ጥሩ ባል ነፍሱን ይማረውና በመሬት ጠብ ሰው ገድሎ ታስሮ ነበር። እስር ቤት ተዋወቁ። ሲፈቱ የሚሄዱበት የላቸውምና ይዟቸው መጣ። እሱ ሲሞት እማማ ጥሩ ከጓሮ ያለችውን ቤት ለቀቀችላቸው።»

«እሳቸውስ በምን ታስረው ነው?»

«በሐሰት ነው ይላሉ።» «ይላሉ»ን ትንሽ ረገጥ አደረጋት፤ እኔ ግን ልብ አላልሁም። ልቤ ያለው ወደ ሰቆጣ በሚመልሰኝ የማታ መኪና ላይ ነበር።

አባ ወልዴ መደቡ ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠው አገኘናቸው። ሰማንያ ያለፋቸው፣ ጺማቸውን ሙልጭ አድርገው የተላጩ፣ አሮጌ ካፖርት እስከ አንገታቸው የቆለፉ ሰው ናቸው። ስንገባ በጭጋጋማ ዓይናቸው አንድ በአንድ ቆጠሩን።

«ሦስት ሆናችሁ ገባችሁ» አሉ። እኔ፣ አቶ ኪሮስና ከግቢዋ በር ተቀብላ ያስገባችን እማማ ጥሩ። እውነት ነው፤ ሦስት ነን። ምን ይደረግ ታዲያ?

ከዚያ ሥራችን ተጀመረ፤ ሥራ ከተባለ። ፎርሙ ላይ ቀን ስጽፍ «ቀን የሚጻፈው ከራስጌ በስተቀኝ ነው» አሉኝ። ማሽኑ ነው የሚያስቀምጠው አልኋቸው። «ማሽኑ ተሳስቷል» አሉ። ጣታቸው አሻራ አልሰጥ አለ። በውኃ አጠብነው፣ በጨርቅ አሸነው፣ እንደገና ጫንነው። «ትንሽ ጠንከር አድርገው ይጫኑ፣ አባቴ» ስል «ስንት ኪሎ?» ይላሉ። በዚህ ዓይነት ስምንት ጣት አነሣሁ። ሁለቱ አውራ ጣቶች ቀሩ።

«እስኪ እነሱን እንተዋቸውና ሙሉ ስምዎን ይንገሩኝ።»

«ወልደ ትንሣኤ።»

«እሱ የክርስትና ስምዎ ነው። የዓለም ስምዎን ነው የምፈልገው።»

«እዚህ የሚያውቀኝ ሁሉ በዚህ ነው የሚጠራኝ።»

«ከሌላ አገር ለመጣ ሰው የቀድሞ ሰነድ ያስፈልጋል። ያለዚያ አያልፍም። ዓይንዎም አይታከምም» አልኋቸው። አነጋገሬ እንደ ማስፈራራት ሆነብኝ፤ ግን ደክሞኝ ነበር።

ጥቂት አሰቡና «ከልጂቱ ጋር የግል ጉዳይ አለኝ» ብለው ሁለቱን አስወጡ። ከካፖርታቸው የውስጥ ኪስ በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት አውጥተው ሰጡኝ። «አንብቢው። ስሙን ግን እኔ ባልሁሽ ጻፊ» አሉኝ።

የመፈቻ ወረቀት ነው። የቅጣት ዘመኑን ጨርሶ ተፈቷል ይላል። ከላይ ስሙ፣ ከስሙ ቀጥሎ ከቅጣቱ በፊት የነበረው ሥራ ተጽፏል። ሻምበል ዳኛው፣ የእኛው ከተማ ከርቸሌ አዛዥ የነበረ።

ይህን ስም ከፊደል በፊት ነው የማውቀው።

እናቴ መኮንን የሚባል ታላቅ ወንድም ነበራት። ደርግ ሲያስረው እሷ የሃያ ዓመት ልጅ ነበረች። ሰባት ወር ሙሉ በየቀኑ ከርቸሌው ደጅ ስንቅ አመላልሳለች። አንድ ጠዋት አዛዡ ራሱ፣ ሻምበል ዳኛው፣ መዝገቡን ገለጠና «ተፈቷል። ከእንግዲህ ስንቅ አታምጪ» አላት። የወንድሟን ጋቢም አስመጥቶ ሰጣት። እናቴ ጋቢውን ታቅፋ እየሮጠች ገባች። በግ ታረደ፤ ዘመድ ተጠራ፤ ሲጠበቅ ዋለ። መኮንን ግን አልመጣም። ሱዳን ገብቷል ያለ ነበር፤ አረብ አገር ታይቷል ያለም ነበር።

ደርግ ወድቆ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ዐፅም ፍለጋ ሲወጣ እናቴ አልሄደችም። «የእኔ ተፈቷል» አለች። እነሱ ጥቁር ሲለብሱ እሷ ነጭ ለበሰች። ፍታት የለ፣ ተዝካር የለ፤ እርሟን ሳታወጣ አርጅታለች። በየዓመቱ ለመስከረም ያንን ጋቢ አጥባ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች። ስትመልሰው አጥፋ፣ ሽታ እንዳይዘው መሐሉ ጦስኝ አድርጋ ነው፤ ሲመጣ ይለብሰዋላ!

ቀና ስል ሽማግሌው ይጠብቁኛል። ከአፌ የወጣው አንቱታ አልነበረም።

«ሻምበል ዳኛው አንተ ነህ?»

«ቅጣቴን ጨርሻለሁ» አሉ በረጋ ድምፅ። «ሕግ የጠየቀኝን ከፍያለሁ።»

የአጎቴን ስም ነገርኋቸው፤ የታሰረበትን ዘመን፣ እናቴ የቆመችበትን በር ሁሉ ነገርኋቸው። ፊታቸው ላይ ምንም አልታየም።

«ስም አላስታውስም። ብዙ ሰው ነበር። መዝገቡ ምን አለ?»

«ተፈቷል ነዋ!»

«እንግዲያው ተፈቷል።»

እንዴት እንዳበገነኝ ልነግራችሁ አልችልም። ቢክድ፣ ቢቆጣ፣ ቢያለቅስ ይሻለኝ ነበር። «ሰው ነው የጠየቅሁህ፣ መዝገብ አይደለም! ሞቷል ወይስ አለ? ይቺን አንዲት ቃል መናገር ያቅትሃል?» ብዬ ጮኽሁ።

«አትጩኺ። ሰው ይሰማል» አሉና ወደ እኔ ዘንበል አሉ። «ስሚኝ። በዚያን ዘመን ተፈቷል ሁለት ዓይነት ነበር። ያንቺ የትኛው እንደሆነ መለየት እችላለሁ። አንዲት ጥያቄ ጠይቄሽ ቁርጡን እነግርሻለሁ። አንቺ ደግሞ ወልደ ትንሣኤ ብለሽ ትጽፊያለሽ። ያንን ስም እዚህ ቢሰሙ እንኳን ማመልከቻ ሊያስጽፉኝ ውኃም አያቀብሉኝ። ያለኝ ቤት ይህ ብቻ ነው።»

አንባቢዎቼ፣ ደፋር መስዬ ልታያችሁ አልፈልግም። ጽፌዋለሁ። «ወልደ» የሚለውን ጽፌ ነበር። አንድ ስም ምን አላት አልሁ በልቤ። እናቴ እኮ ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ወንድሟን ስትጠብቅ ሳትቀብር ልትቀበር ነው። ከዚያ ዓይኔ እዚያው የመፈቻ ወረቀት ላይ ተመልሶ አረፈ። ይህ ሰው መዝገብ ላይ አንዲት የሐሰት ቃል ጻፈና እናቴን ዕድሜዋን ሙሉ አስቀመጣት። አሁን ደግሞ እኔው በእጄ፣ በመንግሥት ማሽን፣ እንደሱ እንድጽፍ ይደራደረኛል! ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ የሚባለው እንዲህ ነው። ንዴቴ ከሐዘኔ ቀደመ። የጻፍሁትን አጠፋሁት።

«አቶ ኪሮስ! እማማ ጥሩ! ግቡልኝ!»

ገቡ። በአሠራራችን ምስክር ባለበት ስም ጮክ ተብሎ ይነበባል። እኔም አነበብሁ፤ ከሚያስፈልገው በላይ ጮክ ብዬ።

«ስም፣ ዳኛው! የቀድሞ ማዕረግ ሻምበል! የከርቸሌ አዛዥ የነበረ!» ማዕረጉንና ሥራውን ፎርሙ አይጠይቅም። እኔ ነኝ የጨመርሁት።

ሽማግሌው ግድግዳውን ተደግፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ የሚመጣውን ስጠብቅ እማማ ጥሩ ነጠላዋን አስተካከለችና «ይኸ ታዲያ ምን ያስጮኻል፣ ልጄ?» አለችኝ።

«እማማ፣ እኚህ ሰውዬ ማን እንደሆኑ ያውቃሉ?»

«ባሌ ያመጣቸው ዕለት ነግሮኛል። ሰው ሲታሰር ሲገደል አለቃ የነበረ ነው፣ ፍርዱን ጨርሷል፤ ደጅ ቢያድር ጅብ ይበላዋል፣ እናስገባው አለኝ። አስገባን።»

ወደ አቶ ኪሮስ ዞርሁ። አንገቱን ያካል።

«አንተም ታውቅ ነበር?»

«ቀበሌው ያውቃል። ቄሱም ያውቃሉ።»

«ሦስት ሰዓት ሙሉ አብረን ስንሄድ እንዴት አትነግረኝም?»

«በምን ታሰሩ አልሽኝ እንጂ ማን ናቸው መች አልሽኝ?»

ፈጣሪ ያውቃል፣ ላፕቶፑን በራሱ ላይ ልሰብረው ምንም አልቀረኝም። ሽማግሌው ግን ዓይናቸውን ገልጠው ነበር። ፊታቸውን ወደ እማማ ጥሩ አዞሩ።

«ጥሩ፣ ይህን ያህል ዓመት ሁላችሁም ታውቁ ነበር? ለምን አልነገራችሁኝም?»

«እርስዎ መች ነገሩን?» አለች እማማ ጥሩ።

ሽማግሌው ሃያ ዓመት የጠበቁት በር ለካ መቼም ተቆልፎ አያውቅም። የሚደራደሩበት ነገር አለቀ። እኔም መልሱን የማገኝበት መንገድ አለቀ መሰለኝና ዕቃዬን መሰብሰብ ጀመርሁ። ገመዱን ስጠቀልል እያለቀስሁ እንደሆነ ያወቅሁት እማማ ጥሩ እጄን ስትይዘኝ ነው።

«ጋቢ ነበረው?» አሉ ሽማግሌው።

«ምን?»

«አጎትሽ። ስንቅ የምታመላልሰዋ እኅቱ ያን ዕለት ዕቃ ተሰጥቷታል?»

«ጋቢው ተሰጥቷታል። በእጇ። አሁንም ቤታችን አለ።»

እኔን ሳይሆን መሬቱን እያዩ ተናገሩ።

«እንግዲያው ሞቷል። የተፈታ ሰው ጋቢውን ለብሶ ይወጣል። ለቤተ ሰብ የምንሰጠው ባለቤቱ የማይለብሰውን ነው።»

«የት ነው የተቀበረው?»

«ስም ዝርዝር ይመጣልኛል፤ እጠራለሁ፤ በሩ ላይ አስረክባለሁ። መኪናው ወዴት እንደሚሄድ አልጠየቅሁም።» ቀጥለው «መጠየቅ ነበረብኝ» አሉ። ይህን ያሉት ለእኔ ይሁን ለራሳቸው አላውቅም፤ በጊዜውም ግድ አልነበረኝም።

እኔ ቀድሞውኑ ስልኬን አንሥቼ ነበር። ኔትወርክ የለም። አቶ ኪሮስ ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ያለው ጉብታ ላይ እንደሚይዝ ነገረኝ። ነጠላዬን አጣፍቼ ልወጣ ስል ከኋላዬ የአዛዥ ድምፅ ጮኸብኝ።

«መርዶ በስልክ አይነገርም!»

ዞር ብዬ አየኋቸው። ሰው በዝርዝር ጠርቶ ያስረከበ፣ ለሞት ተፈቷል ብሎ የጻፈ ሰው ስለ መርዶ ወግ ሊያስተምረኝ ነው! «አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ!» አልኋቸው። ሌላም ብዙ ነገር አልሁ፤ እዚህ የማልጽፈውን።

እማማ ጥሩ ግን በሩን ይዛ ቆማለች።

«እሳቸው ያሉትን ተይው፤ እኔን ስሚኝ። እናትሽ አሁን ከማን ጋር ናት?»

«ብቻዋን ናት።»

«ስትወድቅ ማን ይደግፋታል? ማን ነጠላዋን ያነሣላታል? ስልኩ?»

በዚያ ቀን ካናደደኝ ነገር ሁሉ የባሰው ሰውየው ትክክል መሆኑ ነው።

ተመልሼ ተቀመጥሁ። ሁለቱን አውራ ጣቶች አጥቤ ማሽኑ ላይ አስቀመጥኋቸው። በሦስተኛው ሙከራ አነበባቸው። በዳኛው ስም ምዝገባውን ጨርሼ፣ ያለ ምንም ቃል ማረጋገጫ ወረቀታቸውን ሰጥቼ ወጣሁ። በመልሱ መንገድ አቶ ኪሮስ «ይችን ዞር» አላለም።

ፈቃድ ጠይቄ፣ መንገድ እስኪከፈት ጠብቄ፣ በጋሸና ዞሬ ሁለት ቀን ተጉዤ አገሬ ገባሁ። የመጀመሪያውን ሌሊት አክስቴ ቤት ተደብቄ አደርሁ። ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች፣ የነፍስ አባታችንና ጎረቤቶች ይዘን ሄድን። እናቴ በሩን ከፍታ ሰዉን አየች፤ ነጠላዬን አዘቅዝቄ መልበሴን አየች። ማን እንደጎደለ በዓይኗ ስትፈልግ ይታየኛል።

«መኮንን ነው» አሏት የነፍስ አባታችን።

«መኮንንማ ተፈቷል» አለች።

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። የተነገረኝን ቃል በቃል የነገርኋት እኔ ነኝ፤ የተፈታ ሰው ጋቢውን ለብሶ እንደሚወጣ። ቆማ አሰበችው። ያን ጠዋት፣ ያንን በር፣ እጇ ላይ የተቀመጠላትን ልብስ ስታስበው አየሁ። ከዚያ ከእሷ ሰምቼው የማላውቀው ድምፅ ወጣ፤ ጎረቤቶች ከሁለት ወገን ባይዟት ኖሮ ደረጃው ላይ ነበር የምትወድቀው። ወንድሟ በሞተ በአርባ ምናምን ዓመቱ እናቴ እርሟን አወጣች። ፍታቱም ተደረገ፤ ዐፅም ስለሌለ ጋቢውን ይዘንለት ሄድን።

እናንተ አንባቢዎች፣ ታሪኩን የነገርኋችሁ «ይቅር አልሁት» ብዬ ላስለቅሳችሁ አይደለም። ይቅር አላልሁትም። ስለዚያ ሰው ባሰብሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። የሚያናድደኝ ጭካኔው ብቻ አይደለም፤ ሥርዓት አክባሪነቱ ነው። ቀን በስተቀኝ፣ ሰው በቁጥር፣ ሞት በተፈቷል። እኔም ቢሮ ተቀምጬ የምሠራው ያንኑ እንደሆነ ማወቄ ነው የለወጠኝ። ቀድሞ አንድ ሽማግሌ ዕድሜውን ሲያጣብኝ «ሰባ ብለን እንለፈው» እል ነበር። ስም ሲያስቸግረኝ እንደመሰለኝ እጽፍ ነበር። ምን ችግር አለው? አሁን እያንዳንዷን ቃል ለባለቤቱ ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ ይኸ ነህ ወይ እላለሁ፤ አይደለሁም ካለኝ አጠፋለሁ። ሰልፉ ይረዝማል፣ አለቃዬ ይጮኻል፣ እኔም መልሼ እጮኻለሁ። ትዕግሥት አልተገኘልኝም። እናንተም መዝገብ የምትይዙ ሁሉ፣ አንዲት ቃል ጽፋችሁ ስታልፉ ደጅ ላይ ስንቅ ይዛ የቆመች ልጅ መኖሯን አትርሱ።

በሰልስቱ ማግሥት እናቴ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ዓይኗ አብጧል፤ ድምፅዋ ተዘግቷል።

«ሰውየው ዓይኑ እየጠፋ ነው አልሽኝ?»

«አዎ።»

«መታወቂያውን ሰጠሽው?»

ትቆጣኛለች ብዬ ፈራሁ። «መዘገብሁት። ሕጉ ነው፣ እማዬ።»

«በየትኛው ስሙ?»

«በዳኛው።»

ራሷን ነቀነቀችና ነጠላዋን ሰበሰበች።

«ዓይኑ ይዳንለት» አለች። «ስሙን ራሱ ያንብበው።»